«ሰላማዊ» ተብሎ የተሸጠ ጩኸት

የልጆች ስም የሚዘረዝሩ ድረ ገጾችን እንደ ወንጌል የሚያምን ወገን ካለ ዛሬ ከእኔ ጋር ይጣላል። ይጣላ። ጸባችን ስለ አንድ የህንድ ወንድ ልጅ ስም ነው፤ «አራቭ» ስለሚባል። ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዱን ክፈቱና ፈልጉት። ከአጠገቡ «ሰላማዊ፣ የተረጋጋ» የሚል ትርጉም ታገኛላችሁ። ቀጥሎ «ምንጩ፦ ሳንስክሪት» የሚል ማኅተም አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ብርቅ ስም» ብሎ ይመርቅበታል።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የገባን ነገር «ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እስቲ ሦስቱንም ቃል እንጠይቃቸው፤ ሰላማዊን፣ ብርቅን፣ ሳንስክሪትን።

ከትርጉሙ እንጀምር። የኦክስፎርዱ ሊቅ ሞኒየር ዊሊያምስ ያዘጋጀው ትልቁ የሳንስክሪት መዝገበ ቃላት በ1899 ታትሟል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ማንም ሰው በነፃ ሊያየው ይችላል። እዚያ «አራቫ»ን ስትፈልጉ የምታገኙት ጩኸት፣ ዋይታ፣ የነጎድጓድ ድምፅ ነው። ሰላም የለም። መረጋጋትም የለም። ቃሉ የተገኘበት ግስ «ሩ» ይባላል፤ መጮህ፣ ማግሳት ማለት ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ከዚሁ ግስ የተወለደ አንድ ሌላ ስም አለ። ራቫና! አዎ፣ የራማያናው ባለ አሥር ራስ ንጉሥ፣ ሲታን ጠልፎ የወሰዳት፣ ህንዶች በየዓመቱ በዱሴራ በዓል ምስሉን የሚያቃጥሉት። የመጨረሻው የራማያና ክፍል ስሙን እንዴት እንዳገኘ ይተርካል። የካይላሽን ተራራ ከነሺቫ ሊያነሳ ሲታገል ሺቫ በእግሩ ጣት ተራራውን ጫን አደረገው፤ የራቫና ክንዶች ሥር ቀሩና ዓለም እስኪናወጥ ጮኸ። ስሙም ከዚያ ጩኸት ወጣ። ልጃቸውን «ሰላማዊ» ያሉ ወላጆች ሳያውቁት ከራቫና ጋር ሥጋ ዘመድ አድርገውታል ማለት ነው።

ታዲያ «ሰላማዊ» ከየት መጣ? እኔ የምጠረጥረው እንዲህ ነው። በሳንስክሪት አናባቢ ሲያጥርና ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ገና»ን ላላ አድርጋችሁ ስትሏት «እስካሁን» ናት፤ ጠበቅ ስታደርጓት ግን የልደት በዓል ትሆናለች። በሳንስክሪትም አጭር «አ» ከፊት ስትገባ ማፍረሻ ናት፤ «አራቫ» በአጭሩ «ድምፅ የሌለው» ይሆናል። በረጅሙ ሲሆን ግን ራሱ ድምፁ ነው። የዘመኑ ወላጆች ደግሞ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ከፊት ሁለት «ኤ» ይደረድራሉ፤ ይህም «ረጅም ነው» ማለት ነው። ጩኸቱን ይጽፉና ዝምታውን ያነባሉ!

ወደ «ብርቅ» እንለፍ። በ2002 የቦሊውዱ ተዋናይ አክሻይ ኩማርና ባለቤቱ ትዊንክል ካና ወንድ ልጅ ወለዱና አራቭ አሉት። ስሙ በህንድ ከተሞች የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2010ዎቹ የወላጆች ድረ ገጾች በሚያወጡት የተወዳጅ ስሞች ዝርዝር ላይ በተደጋጋሚ አናት ላይ ተቀምጧል። ባህር ተሻግሮም የአሜሪካ መንግሥት በሚያወጣው የ1000 ስሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እና ይህ ነው ብርቁ? በህንድ በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዱን ስም «ያንተ ልጅ ብቻ የሚኖረው» እያሉ መሸጥ አንድን ቀሚስ ለመርካቶ ሙሉ «አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» እያሉ እንደ መሸጥ ነው።

«ተወዳጅነት» የሚባለውንም ቢሆን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የአሜሪካው ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ቁጥሩን የሚያወጣው ከመዝገብ ነው። የህንዶቹ ድረ ገጾች ግን የሚቆጥሩት በአብዛኛው የራሳቸውን ተጠቃሚ ነው፤ ኢንተርኔት ያለውን፣ እንግሊዝኛ የሚያነበውን፣ የከተማውን ሰው። በቢሃር ገጠር የተወለደው ልጅ በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ዝርዝሩ ወጣ፣ ወላጅ አነበበው፣ ከእሱ ላይ መረጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ የራሱን ማሚቶ ቆጥሮ «ይኸው ተወዳጅ ነው» አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አክሻይ ኩማር ራሱ ሲወለድ ስሙ ራጂቭ ባቲያ ነበር። ከእሱ በፊት ዩሱፍ ካን «ዲሊፕ ኩማር» ሆኗል፤ ሙምታዝ ጀሃን «ማዱባላ» ሆናለች። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስክሪን ላይ የወጡት ግን በሂንዱ ስም ነው። ስም እዚያ አገር የገበያ መግቢያ ትኬት የሆነው ዛሬ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ማኅተም የሚያንገበግበኝ። «ሳንስክሪት» የሚለው። በድረ ገጾቹ ላይ ቃሉ የሽቶ ያህል ይሸታል፤ ጥንታዊ፣ ንጹሕ፣ ቅዱስ። ግን ያማረ የሳንስክሪት ስም ለማን ነበር? የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በምዕራፍ 2 ቁጥር 31 ላይ ይደነግጋል። የብራህሚን ስም መልካም ዕድልን፣ የክሻትሪያ ኃይልን፣ የቫይሽያ ሀብትን ይግለጽ ይላል። የሹድራ ስምስ? የሚናቅ ነገርን ይግለጽ። ልብ በሉ፤ ገና ከእናቱ ጡት ያልወረደ ሕፃን ነው።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 የወጣውን «ላጋን» ፊልም ያየ ሰው፣ መንደርተኛው አብሮት መጫወት የተጠየፈውን ክንደ ቆልማማ ልጅ ያስታውሳል። ስሙ ካችራ ነው፤ በሂንዲ ቆሻሻ ማለት ነው። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው። የህንድ ተመልካች ግን ስሙን ሲሰማ የልጁን ካስት ለማወቅ ተጨማሪ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ደግሞም ማኅተሙን «አልፈልግም» ያሉ ህንዶች አሉ። የታሚሉ ሊቅ ስዋሚ ቬዳቻላም በ1916 ታሚልን ከሳንስክሪት የማጽዳት ንቅናቄ ሲጀምር የራሱን ስም ወደ ታሚል ተርጉሞ ማራይማላይ አዲጋል ተባለ። በ1929 ደግሞ ፔሪያርና ጓዶቹ በቼንጋልፓቱ ተሰብስበው ካስትን የሚናገር የስም ቅጥያ ይቅር አሉ። ዛሬ ብዙ ታሚል በእኛ ዓይነት የአባቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ልዩነቱ የአባት ስም ባንድ ፊደል አጥሮ ከፊት መምጣቱ ነው። በ2021 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር የሆነው ሰውዬ ስሙ ስታሊን ነው። በመጋቢት 1953 የሶቪየቱ ስታሊን ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ስለተወለደ አባቱ ያወጡለት ስም ነው። ስሙ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ግን ከየት እንደመጣ ማንም አልዋሸለትም።

«አንቺን ምን አገባሽ? ወላጅ ደስ ያለውን ስም ቢያወጣስ?» የሚል አይጠፋም። ያውጣ! ድምፁ ደስ ብሎት ከሆነ «ድምፁ ደስ ብሎኝ ነው» ይበል። ተዋናዩን ወድዶ ከሆነም ነውር የለበትም። እኔን የሚያናድደኝ የሐሰት ትርጉም ነው። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ለሚጠይቀው ሁሉ «ሰላማዊ ማለት ነው» እያለ ሊኖር ነው። አንድ ቀን ሳንስክሪት የተማረ ሰው ፈገግ ይልበታል። ያን ጊዜ የሚያፍረው ልጁ ነው፤ ድረ ገጹማ ማስታወቂያውን ሸጦ ጨርሷል።

ህንዶቹ ላይ ብቻ እንዳትስቁ። በእኛ ከተማም «ግዕዝ ነው» የምትል ማኅተም አለች። «የልጄ ስም ግዕዝ ነው» የሚል ወላጅ «ማን ነገረህ?» ሲባል ስልኩን ነው የሚያወጣው። ድሮ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን መልአኩ ኢንተርኔት ገብቷል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከ1948 ዓ.ም ጀምሮ ታትሞ አለ። መግለጥ ነው የቀረው።

ለአራቭ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ስሙን አትለውጡት። ትርጉሙን ብቻ መልሱለት። ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ አዋላጇም እናቱም ጆሯቸውን አቁመው የሚጠብቁት ያንኑ ነው። ዝም ቢል ነበር የሚያስደነግጠው።