ሦስት ጥይት ማስረጃ አይሆንም!

በአሜሪካ ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ አዳኞችና ተኳሾች ብዙ ናቸው። ባዶ ቀለህ ሰብስበው፣ ባሩዱን እስከ 0.1 ግሬን (6.5 ሚሊግራም ገደማ) መዝነው ይሞላሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ኢላማው ፊት ሲደርስ ይጠፋል። ብዙዎቹ ከእያንዳንዱ የባሩድ መጠን 3 ጥይት ብቻ ተኩሰው፣ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉበትን «ምርጡ ይህ ነው» ይላሉ።

ይህ ምርመራ ሳይሆን ዕጣ ነው! ያው መጠን ተደግሞ ቢተኮስ አንዴ ይጠጋጋል፣ አንዴ ይበታተናል። 20 ጥይት ሲተኮስ «ምርጡ» ብዙ ጊዜ ከሌላው አይለይም።

«ጥይት ውድ ነው» ለሚሉ፦ በ3 ጥይት ተታልሎ ሌላ ባሩድ ፍለጋ መሮጥ ይበልጥ ያከስራል። በሦስት ቀዳዳ ተማምኖ ከሩቅ የሚተኩስ አዳኝ ደግሞ አጋዘኑን አቁስሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ባሩዱን በሚዛን የለካ፣ ማስረጃውንም ይመዝን።