የመጨረሻው ውሃ እና የነቀላ ቀን ሚዛን

በፎገራ ሜዳ ክረምቱን ሩዝ ተሸክሞ የሚከርመው መሬት በበጋ ቀይ ሽንኩርት ያበቅላል። ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሞተር ፓምፕ እየተሳበ የሚጠጣው ይህ ሰብል በብዛት የሚነቀለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። የፋሲካ ገበያ ከፊት ይጠበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናቡና የሩዝ እርሻው ይከተላሉ። አንድ አነስተኛ ገበሬ የዓመቱን ገቢ የሚወስንባቸው ቀናት እነዚህ ሆነው ሳሉ፣ እኔ ያነበብኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው ሽንኩርቱ ተነቅሎ በተመዘነበት ዕለት መረጃ መሰብሰባቸውን ያቆማሉ። ይህ ልማድ ጥናቱን ጎዶሎ ከማድረግም አልፎ የተሳሳተ ምክር ሊያሰጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሽንኩርት መድረሱን የሚናገረው በቅጠሉ ነው። አንገቱ ላልቶ ከማሳው ከግማሽ የሚበልጠው ቅጠል ሲተኛ ጊዜው ደርሷል። ውሃው ከነቀላ በፊት 2 ወይም 3 ሳምንት ሲቀር መቆም አለበት፤ ከተነቀለም በኋላ አንገቱና የውጭ ልጣጩ እስኪደርቁ ድረስ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ሊቆይ ይገባዋል። እርጥብ አንገት ለአበስባሽ ተዋሕስያን የተከፈተ በር ነውና። ይህን የአትክልት ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬውም ያውቀዋል። እያወቀ ግን ሊነቅል ጥቂት ቀን ሲቀረው ያጠጣል።

ስንፍና ወይም አለማወቅ ብለን የምናልፈው ይህ ድርጊት የራሱ ስሌት አለው። ከሽንኩርት ክብደት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ የሚሸጠውም በሚዛን ነው። የራሰ አፈር ለነቃዩ ይቀለዋል፣ የጉልበት ወጪውም ይቀንሳል። ደላላው መኪና ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል፤ ከተጫነ በኋላ መንገድ ላይ የሚበሰብሰው የገበሬው ኪሳራ አይደለም። የነዳጅና የፀረ ተባይ ዕዳ ያለበት፣ ወይም መሬቱን በእኩል ይዞ ባለመሬቱ ድርሻውን እዚያው ማሳ ላይ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ቢፈልግም የማቆየት ዐቅም የለውም።

ታዲያ እኛስ? እኛም እንደ ደላላው በነቀላ ቀን እንመዝናለን። የዩሪያ መጠንን በሚያወዳድር ሙከራ ይህ ምን እንደሚያስከትል ማሰብ አያዳግትም። ናይትሮጅን ሲበዛና ዘግይቶ ሲሰጥ ሽንኩርቱ አንገቱ ይወፍራል፣ መድረሻውም ይዘገያል፤ በዕለቱ ሚዛን ላይ ግን ሊያሸንፍ ይችላል። በሠንጠረዡ ውስጥ የላቀው መደብ በመጋዘን ውስጥ ቀድሞ የሚበሰብሰው ሊሆን ይችላል፤ ሠንጠረዡ ግን ይህን የሚናገርበት ዓምድ የለውም። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ስመዝን ቆመው ይመለከቱኝ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ደርቆ ስንት እንደሚመጣ መቼ ተመልሼ እንደምመዝን ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የመስክ ሥራ በጀቴ በዚያው ሳምንት አልቆ ነበር።

ገበያው ክብደትን እንጂ ዕድሜን እስካልከፈለ ድረስ የማቆያ ጥናት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ነፋስ የሚያሳልፍ መደርደሪያ ብቻውን ዕዳን አይከፍልም፤ ይህንም ደብቀን ስለ ቴክኖሎጂ ብቻ ማውራት የለብንም። ይሁን እንጂ አንድ ኩንታል ከ60 ቀን በኋላ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ ገበሬው ከማሳው ላይ ልሽጥ ወይስ ላቆይ ብሎ የሚያመዛዝንበት፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩም ሽንኩርት ይዞ ልበድር ብሎ የሚያሰላበት ቁጥር አይኖርም።

ስለዚህ በሽንኩርት ላይ የሚሠራ ማንኛውም የምርታማነት ሙከራ ከእያንዳንዱ መደብ ናሙና እያስቀረ፣ በተነቀለበት ዕለት፣ በ30ኛውና በ60ኛው ቀን ቢመዝን፤ የበሰበሰውንና የበቀለውንም ለይቶ ቢቈጥር እላለሁ። ናሙናው በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሳይሆን በገበሬው ጣሪያ ሥር፣ በዚያው ሙቀትና እርጥበት ይቀመጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለት ተጨማሪ ጉዞ አበል፣ ጥቂት ጆንያና፣ ሳይሸጥ ለቆየው ሽንኩርት በነቀላው ቀን ዋጋ ለባለቤቱ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ይህ የመጨረሻው በመስክ ሥራ በጀት ቅጾቻችን ላይ ገና ረድፍ አልተሰጠውም።