ከበዓሉ ማዕድ የራቀው ልጅ



የሁዳዴው ሃምሳ አምስት ቀን ተፈጽሟል። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከብቸና እስከ ደብረ ኤልያስ፣ በጎጃም ደጋ የምእመናን ቤት ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። እናት ከቅዳሴ ተመልሳ ዶሮ ወጡን ስታወጣ አሥራ ሁለቱ ብልት ለማን ለማን እንደሚደርስ ታውቃለች። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ሌላውም ባለቤት አለው። ለሥራና ለትምህርት የወጡት ልጆች የዓባይን በረሃ አቋርጠው ይመጣሉና ድርሻቸውን ታስቀምጥላቸዋለች። አንዳንዱ ልጅ ግን አይመጣም። ሲጠየቅ የሥራ ብዛት ነው ይባላል፤ የመንገዱ ጸጥታ ነው ይባላል፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በጥቂት ቤቶች ግን ስሙ የማይጠራ ሌላ ምክንያት አለ። ልጁ ለራሱ ጾታ ይሳባል የሚል ወሬ በመንደሩ ተሰምቷል፤ ወይም እርሱው ራሱ ለእኅቱ ነግሯት፣ ነገሩ ከእኅት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አባት አልፎ፣ አባት «ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ» ብሏል። በሴት ልጅም ላይ እንዲሁ ይደርሳል፤ የእርሷ ይበልጥ በዝምታ ይታለፋል እንጂ።

ይህን በበዓል ገጽ ማንሣታችን ቅር የሚያሰኘው አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ቤተ ሰብ የሚሰበሰበው በበዓል ነው፤ የጎደለውም የሚታወቀው በበዓል ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አያሻማም። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ምሥጢር ነው፤ ግብረ ሰዶምም ከኦሪት ዘሌዋውያን እስከ ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ድረስ የተወገዘ ኃጢአት ነው ትላለች። ፍትሐ ነገሥትም ብርቱ ቅጣት ደንግጎበታል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የወንጌላውያንና የእስልምና እምነት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ድርጊቱን ሲያወግዙና በሕገ መንግሥቱ እንዲከለከል ሲጠይቁ፣ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ነበሩበት። በብዙ ነገር የሚለያዩ እምነቶች ይህን ያህል ፈጥነው የተስማሙበት ሌላ ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላው ዓለም ግን ስምምነት የለም። የእንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት አሜሪካ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. ከወንድ ጋር የሚኖር ካህን ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ተከፋፍለዋል። በደቡብ አፍሪካ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እነዚህን ሰዎች ወደሚጠላ መንግሥተ ሰማያት አልገባም እስከ ማለት ሲደርሱ፣ የዑጋንዳው ሊቀ ጳጳስ በ2015 ዓ.ም. የወጣውን ከባድ የቅጣት ሕግ ደግፈዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ለረጅም ዘመን አጋሮቿ ከነበሩት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ያቋረጠችው በዚሁ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ቫቲካን እንደ ጋብቻ ሳይቆጠር ካህናት በአንድ ጾታ የተጣመሩ ሰዎችን ሊባርኩ ይችላሉ ስትል፣ የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በወሩ ይህ በአህጉራችን አይሆንም አሉ። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅ ኮፕትም በየካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በሲኖዶሷ ከሮም ጋር የነበረውን የሥነ መለኮት ውይይት አቋረጠች። የእስልምና የሕግ መዛግብት ድርጊቱን ኃጢአት ይሉታል፤ መንግሥታቱ ግን አንድ አይደሉም፤ በኢራን ሞት ያስፈርዳል፣ በቱርክ ወንጀል አይደለም። ከአይሁድ ወገን ጥንቱን የያዙት ይከለክላሉ፣ የተሐድሶ ወገን የሚባሉት ያጋባሉ። ቡድሂስቶች የሚበዙባት ታይላንድም ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ማጋባት ጀምራለች።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቷን ከሌሎች ጋር ታስተካክል ለማለት አይደለም። ያ የቅዱስ ሲኖዶስ እንጂ የጋዜጣ ሥራ አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ክርክሮች ስለ ድርጊቱና ስለ ተክሊሉ ናቸው፤ ከድርጊቱ በፊት ስላለው ሰው፣ በእኛ ሰፈር ስለሚኖረው ስለዚያ ልጅ፣ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ብዙዎቹ በዝምታ አልፈውታል። በእኛም አገር ዝምታውን የሞላው ሌላ ሆኗል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ በሚባለው መገናኛ ላይ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም እየወጣ «እነዚህ ናቸው» ተባለ፤ ይደብደቡ የሚሉ ድምፆችም ተሰሙ። በዚያው ነሐሴ የአዲስ አበባ አስተዳደር ይህ ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። ሕጉን እናውቀዋለን፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 629 ሆኖ ተጽፏል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ ነገሩ ሲከብድ በአንቀጽ 630 እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ያረፉት የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ይህ ኃጢአት እንጂ ወንጀል ሊሆን አይገባውም ብለው ነበር፤ የአገራችን ሕግ የሚለው ሌላ ነው። ይሁንና ይኸው ሕግ ፍርዱን የሰጠው ማስረጃ ለሚመረምር ዳኛ ነው። ስልክ ለያዘ ጎረምሳ አልሰጠም። መደብደብም፣ አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበልም በዚያው የወንጀል ሕግ ያስቀጣሉ።

ወሬ ሰውን እንዴት እንደሚያጠፋ ለጎጃም ሰው ማስረዳት ዓባይን ለግዮን ሰው እንደ መንገር ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ከማኅበር ተገለሉ? ያየ የለም፣ የመሰከረ የለም፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው አንልም፤ አንዱ በቅዱስ መጽሐፍ የተወገዘ ድርጊት ነው፣ ሌላው ከንቱ ሐሜት ነበር። የወሬው አካሄድ ግን ያው ነው። ዛሬ ድምፁ ቀጠን ያለ፣ አለባበሱ ለየት ያለ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ያላገባ ወጣት ሁሉ ለዚህ ስም ቅርብ ሆኗል።

ነገሩ በአውሮፕላን የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት በአገራችን የተነበበው አውሮፕላን ሳይታሰብ ነው። በሽታ ነው የሚሉም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል። በውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ፣ ጾማቸውን እየጾሙ፣ እኛ የመረጥነው አይደለም ሲሉ ይሰማሉ። ይህን የሚቀበልም የማይቀበልም አንባቢ ይኖረናል። የምንጠይቀው ከመፍረዱ በፊት አንድ ጊዜ እንዲሰማ ብቻ ነው።

ወላጆች የሚያደርጉትን እናውቃለን። አንዳንዱ ልጁን ያለ ፈቃዱ ከጸበል ወደ ጸበል ያዞረዋል። ጸበል ለፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ታስሮ የሚጠመቅ ግን የሚማረው ነገር ቢኖር መዋሸትን ነው፤ «ድኛለሁ» ብሎ ይመለሳል። ከዚህ የባሰው ወሬውን ለማፈን የሚደረገው ሠርግ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ምንም የማታውቅ የሰው ልጅ ትዳራለች። ያቺ ሙሽራ ምን በደለች? በአገራችን ልጃገረዶች ያለ ፈቃዳቸው ሲዳሩ የኖሩበትን ክፉ ልማድ ለማስቀረት ይህን ያህል ዘመን ተደክሞ፣ የአባትን ስም ለመሸፈን ብቻ አንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ብቸኝነት ትፈረድባታለች። ቤተ ክርስቲያንም ተክሊልን በማታለል የተፈጸመ ምሥጢር ልታደርገው አትወድም።

ኦርቶዶክሳዊ ቤት ለዚህ ዓይነት ጭንቅ አንድ ሥርዓት አለው፤ የንስሐ አባት። ስቅለት ዕለት ምእመኑ ሲሰግድ ውሎ፣ የበደለውን ለካህኑ ተናግሮ፣ በወይራ ቅጠል ተጠብጥቦ ይሄዳል። የሌባውም የዘማዊውም የበቀለኛውም ነገር እዚያው ይቀራል። ምሥጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ይሻራል። ወንድሙን የገደለ ሰው እንኳ ቀኖና ተቀብሎ ወደ ማዕድ ሲመለስ፣ ደም በሽማግሌ ሲደርቅ፣ በጎጃም ያየነው ነገር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ብቻ ነገሩ ከካህኑ ጆሮ ሳይደርስ በአደባባይ እንዲፈረድበት ምን አደረገው? ደግሞም አንዳንዱ ወጣት የበደለው ገና ምንም የለም፤ ያስጨነቀው ስሜቱ ብቻ ነው። ይህንኑ ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር የሚያስፈራው የካህኑ ቀኖና አይደለም፤ ካህኑ ለአባቱ ይነግርብኛል ብሎ ነው። ካህናቶቻችን ይህን ፍርሃት ማስወገድ ይችላሉ፤ በስብከታቸው ላይ አንድ ቃል ቢጨምሩ ይበቃል፤ እኔ ዘንድ የመጣ ነገር እኔ ዘንድ ይቀራል ብለው።

አባቶችም ቢሆኑ ትምህርታቸውን ሳይለቁ ልጃቸውን ማስገባት ይችላሉ። ልጁ የሚጠጣ ቢሆን፣ ያለ ጋብቻ ከሴት ጋር የሚኖር ቢሆን፣ ይገሥጹታል እንጂ በፋሲካ ደጅ አይዘጉበትም። እንዲያውም የዚያን ዕለት ዝም ይላሉ፤ ግሣጼውም ለማግስቱ ይቆያል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዛሬው ዶሮ የሚደርስ አውቶቡስ የለም። የሚመጣው እሑድ ግን ዳግም ትንሣኤ ነው፤ ስልኩን ደግሞ እኅቱ ታውቀዋለች።