የጨው ከረጢቱን ማን ይለካው?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን እንተርታለን። የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ያጠፋል ተብሎም ነው። ከበሽታው ጋር ይህን ያህል ተላምደን ዋናውን አደጋ ግን አላየነውም።

የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያለችውን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። ይህ የሚታየው ነው። የማይታየው ማህፀን ውስጥ ነው፦ ነፍሰ ጡሯ አዮዲን ካጠራት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አያድግም። ሲከፋ መስማትና መናገር የተሳነው ልጅ ይወለዳል። ሲቀል ደግሞ ትምህርት የሚከብደው ልጅ ይሆንና «ሰነፍ» እየተባለ ይገረፋል። ይህን ጉዳት ኋላ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

መከላከያው አዮዲን ያለው ጨው ነው። የ1990ው ጦርነት የአሰብን መንገድ ሲዘጋ ገበያችንን አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኘባቸው። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ ቁጥር 204 የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። 13 ዓመት!

ደንቡ አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ጨው ውስጥ አዮዲን ተገኝቷል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ምን ያህል? «አለው» እና «ይበቃል» አንድ አይደሉም። በደንብ ካልተደባለቀ አንዱ ከረጢት ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። የገባውም ቢሆን ፀሐይና እርጥበት ላይ ሲከርም ይተናል። ዓለም አቀፉ ልክ ጨው ቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከፋብሪካ በር አልፎ ሱቅና ጉልት ድረስ ይውረድ፣ ውጤቱም በየአምራቹ ስም ለሕዝብ ይነገር። ነጋዴው ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

አንገቱ ያበጠበት ሰው ግን በጨው እድናለሁ ብሎ አይቀመጥ። እብጠት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን የሚያጠቃበት ጊዜም አለ። የደም ምርመራ ይለየዋል። ሆርሞኑ ያነሰበት በየቀኑ የሚዋጥ ሌቮታይሮክሲን ይታዘዝለታል፤ የበዛበት ሌላ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። መተኮስ ጠባሳ እንጂ ሆርሞን አይሰጥም።

እስከዚያው ጨዋችሁን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወጡም ላይ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።