የካርታ ስሞች ጽሑፍ ሆነው ይቆዩ፦ ስለ ኤስቪጂ ሥዕሎች ከምን አለሽ ተራ አንጻር

በመርካቶ የሚገኘው ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ዳግም ሥራ ላይ የሚውልበት ገበያ ነው። ከባዶ በርሜል ምድጃ፣ ከአሮጌ ጎማ ጫማ፣ ከቁርጥራጭ ብረት የሥራ መሣሪያ ይወጣል። ይህን ገበያ የሚያጠና ተመራማሪ የሱቆቹን ረድፍና የሥራ ዘርፎቹን የሚያሳይ ካርታ መሳሉ አይቀርም። የካርታው ዋጋ ግን በማማሩ ብቻ አይለካም፤ ተከታዩ ተመራማሪ ሊሠራበት መቻሉም መታየት አለበት።

ለዚህ ዓላማ ኤስቪጂ የተባለው የሥዕል ፋይል ተስማሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የድር ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ይህ ፋይል ሥዕሉን በነጠብጣብ ሳይሆን በተጻፈ መግለጫ ይይዛል። በ«ቴክስት» የሰፈረ ስም ፊደልነቱን ስለማያጣ ይፈለጋል፣ ይቀዳል፣ ይታረማል፤ ማየት ለተሳነው አንባቢም በድምፅ ሊነበብ ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ስለተካተተ አማርኛ ከዚህ ጥቅም የሚገለልበት ምክንያት የለም።

ሆኖም ከኅትመት በፊት ስሞቹን ወደ መስመር ቅርጽ መለወጥ የታወቀ ብልሃት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ስጋቱ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን ከሕመሙ ይከፋል። ቅርጽ የሆነ ስም ለኮምፒውተር ቃል አይደለም። ለምሳሌ የቦታው ስም «ምን አለሽ» ተብሎ ተለያይቶም፣ «ምናለሽ» ተብሎ ተያይዞም ይጻፋል። አጻጻፉን ወጥ ለማድረግ ጽሑፍ ከሆነ አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ ቅርጽ ከሆነ እያንዳንዱ ስም እንደገና ይጻፋል። የሚሻለው እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ነፃ ፈቃድ ያለው ፎንት በፋይሉ ውስጥ ማካተት ነው። ማተሚያ ቤቱ የግድ ቅርጽ ከፈለገ የተለወጠው ቅጂ ለእርሱ ይላክ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

ተደጋጋሚ ምልክቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። የሱቅ ምልክት በ«ሲምቦል» አንድ ጊዜ ተስሎ በ«ዩዝ» በየቦታው ቢጠራ፣ አንዱ ሲሻሻል ሁሉም ይሻሻላል። ቀለሙ በምልክቱ ውስጥ ካልተወሰነ ከሚጠራበት ቦታ ይወርሳል፤ ስለዚህ ያው ምልክት ለቆርቆሮ ሠሪውም ለጎማ ሠሪውም በየቀለሙ ያገለግላል። ነገር ግን በምልክቱ ውስጥ የተጻፈ ቃል በሁሉም ቦታ ያው ሆኖ ይደገማል። በመሆኑም የጋራው ቅርጽ በምልክቱ ውስጥ፣ የየሱቁ መጠሪያ ደግሞ ከምልክቱ ውጭ መሆን ይኖርበታል።

ይህ አሠራር ድካም የለውም ማለት አይደለም። በኤስቪጂ 1.1 ረጅም ስም በራሱ ወደ ቀጣዩ መስመር ስለማይወርድ ሠሪው በ«ቲስፓን» በእጁ መከፋፈል አለበት። ይሁን እንጂ ይህ ድካም አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የሞተ ካርታን እንደገና መሳል ግን በተከታዩ ተማሪ ሁሉ ላይ የሚወድቅ ዕዳ ነው። ገበያ ይለወጣል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሙያ ቦታ ይቀይራል። ለውጡን መከታተል የሚቻለው ያለፈውን ካርታ ከፍቶ ማረም ሲቻል ነው። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ስሞቹ በጽሑፍነታቸው የቆዩበትን የኤስቪጂ ፋይል ማስረከብን ግዴታ ሊያደርጉት ይገባል።