የወጋ ቢረሳ

በየኅብረታችን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጸጥ ብለን የምንሰማው አንድ ዓይነት ታሪክ አለ። አንድ ወንድም ማይክራፎኑን ይይዝና፣ «ጌታን ከማወቄ በፊት ያልሠራሁት ክፋት አልነበረም፤ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሻለሁ» ይላል። ወዲያውም «አሁን ግን አሮጌው አልፏል!» ብሎ ይጨምራል። እኛም «ሃሌ ሉያ!» እንላለን። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ዘማሪዎች ይነሣሉ። የጠፋው ሕይወት የማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ተቃውሞዬ ከእግዚአብሔር ይቅርታ ጋር አይደለም። የክርስቶስ ደም ነፍሰ ገዳይንም ያነጻል፤ ይህን ያላመነ ወንጌልን አላመነም። የምቃወመው ይቅርታውን ከሰው ፊት መሸሸጊያ ማድረጋችንን ነው። ገዳይ ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ከተናዘዘ በኋላ ለሟች ቤተ ሰብም ሆነ ለሕግ የሚናገረው ነገር እንደሌለበት አድርገን እናስተምራለን። ይህ ትምህርት ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የማውቀው ራሴ ስላስተማርኩት ነው።

የኅብረት መሪ ሳለሁ አንድ ወጣት ለብቻዬ ሊያነጋግረኝ ፈለገ። ጌታን ከመቀበሉ ሁለት ዓመት በፊት፣ በበዓል ዋዜማ ሌሊት፣ የአጎቱን ፒካፕ እየነዳ ከከተማ ሲወጣ ሰው ገጭቶ ሳይቆም ሄዷል። በማግሥቱ በዚያው ሰፈር ሲያልፍ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየ። ይህን ሲነግረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም እጄን ጭኜ ጸለይኩለትና፣ «በደሙ ታጥቧል። ክስ የሰይጣን ነው፤ ዳግመኛ አታንሣው» አልኩት። እፎይ ብሎ ሄደ። እኔም መልካም የሠራሁ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

ያ ምክር ምን እንደ ጎደለው ያሳየኝ መጀመሪያ ሕጉ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ነፍስ ማጥፋትን ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝንም። አስቀድሞ አስቦና ተዘጋጅቶ ወይም በተለየ ጭካኔ የገደለ በአንቀጽ 539 በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሆኖ ያን ያህል ያልከበደው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። በቸልተኝነት የገደለ ደግሞ በአንቀጽ 543 ለብቻው ይታያል። ሕጉ የሚጠይቀው እጅ የሠራውን ብቻ ሳይሆን ልብ ያሰበውንም ነው። በዚህ ሚዛን ያ ወንድም የገጨው በቸልተኝነት ነበር። ሳይቆም የሄደው ግን በቸልተኝነት አይደለም፤ ወስኖ ነው።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 82 ከወንጀሉ በኋላ ከልቡ የተጸጸተ፣ የጎዳውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ ወይም ራሱን ለሕግ የሰጠ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ንስሓ በተግባር ምን እንደሚመስል የወንጀል ሕጉ ሲያውቅ የወጣቶች መሪው አለማወቁ ያሳፍራል።

«እኛ በጸጋ እንጂ በሕግ አይደለንም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲያው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንሂድ። በዘኍልቍ 35 ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲሸሽባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች ተለይተዋል። ነገር ግን የሸሸው ሰው እዚያ ገብቶ ነገሩ አያበቃም ነበር። በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል። ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከከተማይቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ አይመለስም። ባለማወቅ የፈሰሰ ደም እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ተራ ነገር አልታየም።

«ዳዊትስ? በመዝሙር 51 የበደለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደ ሆነ ተናግሮ የለም?» ይሉኛል። የመዝሙሩን ርእስ አንብቡ። ለመዘምራን አለቃ የተሰጠ ነው። ንጉሡ ኃጢአቱን በእልፍኙ አልደበቀም፤ ሕዝብ እንዲዘምረው አወጣው። ናታንም ኃጢአቱ እንደ ተወገደለት በነገረው አፉ የኃጢአቱ መዘዝ ከቤቱ እንደማይርቅ ነግሮታል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ማቴዎስ 1፥6 ነው። ወንጌላዊው የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሰሎሞን ላይ ሲደርስ እናቱን ቤርሳቤህ ብሎ አልጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት መሆኗን ጻፈ። ኦርዮ ከተገደለ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። እግዚአብሔር የገዳዩን ኃጢአት ሲያስወግድ የሟቹን ስም አልሰረዘም። እኛ ግን በምስክርነታችን እንሰርዘዋለን።

ጳውሎስንም ተመልከቱ። በፊስጦስ ፊት ቆሞ ለሞት የሚያበቃ ጥፋት ካለበት ከሞት ለማምለጥ እንደማይለምን ተናግሯል (ሐዋርያት ሥራ 25፥11)። ጸጋን ከእርሱ በላይ የሰበከልን የለም፤ ነገር ግን ጸጋን ከችሎት ማምለጫ አላደረገውም።

ሌላም ማምለጫ አለን። «ጌታ በማቴዎስ 5 ወንድሙን የሚቆጣውን ከነፍሰ ገዳይ ጋር አንድ ላይ አንሥቷል፤ ስለዚህ ሁላችንም ነፍሰ ገዳዮች ነን» እንላለን። ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም እኩል ገዳይ ከሆነ ማንም በተለይ አልገደለም ማለት ነው። ጌታ ቍጣችንን ሊያከብድብን ተናገረ እንጂ ግድያን ሊያቀልልን አልተናገረም።

ይህን ሁሉ በአንድ ታሪክ ማየት የሚፈልግ ወጣት የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1866 የታተመ ልብ ወለድ ነው። ራስኮልኒኮቭ የተባለ ድኻ ተማሪ በመያዣ የምታበድር አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል። ድንገት የደረሰችውን የሴትየዋን እኅት ሊዛቬታንም ይገድላል። ለአሮጊቷ ግድያ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር፤ ጎጂና የማትጠቅም ናት ብሏል። ማንንም ያልበደለችውን ሊዛቬታን ግን ይረሳታል፤ ስለ እርሷ የሚያስበው ከስንት አንዴ ነው።

ደራሲው አይረሳትም። ሶኒያ የምትባለው ምስኪን ልጅ ለራስኮልኒኮቭ የአልዓዛርን ትንሣኤ ከዮሐንስ ወንጌል ታነብለታለች። መጽሐፉን ለሶኒያ ያመጣችላት ማን ናት? ሊዛቬታ! ገዳዩ የሕይወትን ቃል የሰማው እርሱ ከገደላት ሴት መጽሐፍ ነው። በኋላም ሲናዘዝላት ሶኒያ «እንጸልይና ነገሩን እዚሁ እንተወው» አላለችውም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ምድርን ስሞ፣ ገዳይ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት እንዲናገር ነገረችው። ከዚያም ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ስምንት ዓመት የግዞት እስራቱ፣ ተከተለችው። እስር ቤት መግባቱ ብቻውን ልቡን አልለወጠውም፤ እዚያም ብዙ ጊዜ ደንድኖ ቆይቷል። ፍርድ ቤት ልብን ማንጻት አይችልም። ቤተ ክርስቲያንም የሟችን ደም ዝም ማሰኘት አትችልም። ሶኒያ ሁለቱን አላምታታችም፤ እኔ ግን አምታትቼ ነበር።

ያ ወንድም ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። «ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ግን ልጃቸውን ማን እንደ ገደለባቸው የማያውቁ እናት አሉ። እኔ ተኝቼ አድራለሁ፤ እሳቸው ያድራሉ?» አለኝ። አባቶቻችን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። የተወጋው ከሞተ ደግሞ እናቱ ታስታውስለታለች።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንድ ጠበቃና እኔ አብረነው ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ እጁን ሰጠ። ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም። ይህን ስጽፍ እስር ቤት ነው። በችሎቱ ቀን እናቲቱ በግቢው ውስጥ ወደ እርሱ ቀረቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ልጄ ወዲያው ነው የሞተው ወይስ ሲጣራ ነበር?»

«አላውቅም እናቴ፤ አልቆምኩም» አላቸው።

በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሄዱ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እኛም እንዲሉ አልወተወትናቸውም። ይቅርታው የእሳቸው ነው፤ ሲፈልጉ ይሰጡታል፤ ባይሰጡትም የሚከሳቸው የለም። እውነቱ ግን ይገባቸው ነበር፤ ለዓመታት ተከልክለውታል። የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እናንተ የኅብረት መሪዎች፣ እንዲህ ያለ ሸክም ይዞ የሚመጣ ሲያጋጥማችሁ በችኮላ «አታንሣው» አትበሉት። ምስጢሩንም በጀርባው ወስዳችሁ አትስጡበት። ይቅርታውን በሙሉ ልብ ስበኩለት፤ ከዚያ በዚያው ይቅርታ በርትቶ እንዲሄድ አብራችሁት ሂዱ። እስከዚያ ድረስ ማይክራፎን አትስጡት። እናንተም ወጣቶች፣ እንዲህ ያለ ምስክርነት ስትሰሙ ከማጨብጨባችሁ በፊት የሞተው ሰው ማን እንደ ነበረ ጠይቁ።