ሜጋ ዋቱን ሰማን፤ ብክነቱንስ ማን ይንገረን?

«ግድቡ ካለቀ ወዲያ ደግሞ የምን የኃይል ቁጠባ ወሬ ነው?» አለኝ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን። አልፈረድኩበትም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ደጋግመን ሰምተናል። እኔም እንደማንኛውም ዜጋ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ጥያቄ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል፦ ስንት እንደምናመነጭ ሌት ተቀን ይነገረናል፤ ባመነጨነው ምን ያህል እንደምንሠራበት የሚነግረን ለምን ጠፋ?

ሌላው ዓለም የሚፎካከረው እኮ በዚህም ጭምር ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ክፉኛ ደነገጠች። በ1979 ሕግ አውጥታ፣ ብዙ ኃይል የሚበሉ ፋብሪካዎች ለዚሁ ጉዳይ ኃላፊ የሚሆን ባለሙያ እንዲመድቡ አስገደደች። ዴንማርክ በ1998 ሥራ ያስጀመረችው የኖርድዩላንድ ጣቢያ ከሚያቃጥለው የድንጋይ ከሰል ሙቀት እስከ 47 በመቶ የሚሆነውን ወደ ኤሌክትሪክ እንዲለውጥ ሆኖ ተሠራ። ያረጀ ጣቢያ 30 በመቶውን ካወጣ ተመስገን ነው። ቻይና በ2005 አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት 370 ግራም ገደማ ከሰል ትፈጅ ነበር። ትንንሾቹንና አሮጌዎቹን ጣቢያዎች እየዘጋች በ2020 ወደ 305 ግራም አወረደችው።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ያታልላል። አሜሪካ ለአንድ ቶን ብረት የምታወጣው ኃይል ከቻይና በጣም ያነሰ ቢመስል አይግረማችሁ። አሜሪካ ከምታመርተው ብረት 70 በመቶው ገደማ ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ የሚሠራ ነው፤ ቻይና ግን አብዛኛውን የምታወጣው ከማዕድኑ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብን ፋብሪካን ከመሰል ፋብሪካ ጋር እንጂ አገርን ከአገር ጋር በጅምላ አይደለም።

ወደኛ ጉዳይ ስንመጣ ሲሚንቶን እንውሰድ። ጥሬው ጭቃ ሆኖ የሚገባበት የድሮ ምድጃ ለአንድ ቶን ክሊንከር 200 ኪሎ ያህል ደህና ከሰል ይበላል። ጥሬውን ደረቁን ቀድሞ እያሞቀ የሚያስገባው አዲሱ ግን 120 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። «የኛዎቹ ፋብሪካዎች አዳዲስ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን! ግን መብራት ድርግም ሲልስ? እስከ 1,450 ዲግሪ የጋለ ምድጃ ይቀዘቅዛል። እንደገና እስኪግል ድረስ የሚቃጠለው ነዳጅ አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ አያወጣም። ከሰሉ ከውጭ የመጣ ከሆነ የሚቃጠለው ዶላር ነው። ኪሳራውን ፋብሪካው ችሎት አይቀርም፤ ዞሮ ዞሮ ሁለት ክፍል ቤት ለመሥራት አሥር ዓመት ቁጠባ የገባው ምስኪን ይከፍለዋል። የግድቡ ውሃ ሞልቶ መስመሩ ከተቆራረጠ ለፋብሪካው ምን ፈየደለት?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ ደንግጓል፤ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ግን የትኛው ፋብሪካ ለአንድ ቶን ምርት ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ለሕዝብ ተዘርዝሮ አላየሁም። ህንድን እንይ። በ2012 ሲሚንቶ፣ ብረትና የኃይል ጣቢያዎችን ጨምሮ በስምንት ዘርፎች 478 ተቋማትን መርጣ፣ ለእያንዳንዱ የሚወርድበትን ልክ ቆርጣ ሰጠችው። ከልኩ በታች የወረደ የምስክር ወረቀት አግኝቶ ይሸጣል፤ ያቃተው ይገዛል፤ አሻፈረኝ ያለ ይቀጣል። ህንድ ይህን ያደረገችው ሀብት ተርፏት አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። የየፋብሪካው ፍጆታ በየዓመቱ ይታተም። የመብራት መቋረጡም ሰዓቱ ተቆጥሮ አብሮ ይውጣ፤ ፋብሪካው ብቻውን አይወቀስ፣ መብራት ሰጪውም አያመልጥ። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ሞልቶናል፤ የጎደለን ቆጣሪ የሚያነብ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሱስ ልክ ነህ» አለኝና ሻዩን ጨለጠ። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ግድቡን በላባችን ሠርተነዋል። አሁን አያያዙን አሳዩን!